ዛፎቹ ጋ ወራጅ

ጥር 6
ዛሬም የሞት ማስታወቂያ ሳነብ ዋልኩ። ሬዲዮ ጣቢያ ያሉት ባልደረቦቼ በጠዋት ሲያዩኝ «ዛሬስ ማንን ልትሸኚ ነው?» ይሉኛል… ለምጄዋለሁ። የሰፈራችን ባለሱቅ ግን እስከ ዛሬ አልለመደውም። ሳሙና ስጠኝ ስለው እንኳ ክው ይላል። «ይቅርታ እህቴ፣ በአንቺ ድምፅ ደግ ነገር ሰምቼ አላውቅም እኮ» አለኝ። ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን ትንሽ ከፋኝ። ለነገሩ እውነቱን ነው።

አባዬ እንደ ልማዱ ኮቱን ደርቦ፣ ጫማውን ወልውሎ ጓደኞቹ ዘንድ ሄደ። ከዱሮው የአውቶቡስ ጋራዥ ጎን አንዲት ሻይ ቤት አለች። እንደ እሱ ጡረታ የወጡ ሹፌሮች እዚያ ተሰብስበው ስለ ማርሽ እና ስለ ፍሬን ያወራሉ… ቀኑን ሙሉ። ማንም መኪና የለውም።

አዳዲሶቹ አውቶቡሶች ዛሬ ሥራ ጀምረዋል። «እንዴት ናቸው አባዬ?» አልኩት።

«ያምራሉ። ሰው የላቸውም እንጂ።»

ትኬት ቆራጭ የላቸውም ማለቱ ነው። አሁን ካርድ ማስነካት ሆኗል። እሱ በአሮጌው ነው የመጣው። አሮጌዎቹም በዚህ ሳምንት ከሥራ ይወጣሉ አሉ።

ጥር 9
አባዬ ጠፋ።

ተገኝቷል። ከሥራ ስገባ ቤት አልነበረም፤ ወጥቼ ፌርማታው ላይ ቆምኩ። አንዱ አውቶቡስ መጣ፣ ሌላው መጣ… የለም። ወንድሜ ፋርማሲውን ዘግቶ በመኪና ፍለጋ ወጣ። ያገኘው የከተማው ጫፍ፣ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ሹፌሩ «አባቴ፣ ደርሰናል ይውረዱ» ቢለው «ገና ነው፣ ሲጠራ እወርዳለሁ» ብሎታል።

ሲጠራ! አንጀቴን በላው። ለካ ትኬት ቆራጮቹ ናቸው እስከ ዛሬ ቤት ሲያደርሱት የኖሩት። «ዛፎቹ ጋ ወራጅ አለ?» ብለው ይጮኻሉ፣ አባዬ ይነሳል። መስኮት አይቶ ሰፈሩን መለየት ካቆመ ስንት ጊዜው ነው? ከእሱ ጋር አንድ ቤት እየኖርኩ እንዴት አላወቅሁም?

ጥር 10
ወንድሜ በጠዋት መጣ። የበር ቁልፍ ይዞ። አዲስ ቁልፍ።

«ከውጭ ይቆለፋል። አንቺ ሥራ ስትሄጂ ትቆልፊበታለሽ።»

«እስረኛ ነው እንዴ?»

«መኪና ከሚገጨው ይሻላል።»

ደሜ ፈላ። ጮህኩበት፣ ጮኸብኝ። አባዬ ጓዳ ሆኖ ጫማውን ይወለውል ነበር… ሰምቶ ይሆን? ወንድሜን ክፉ ነው እንዳልል ክፉ አይደለም። ትናንት አባዬን ደግፎ ሲያስገባው ከንፈሩ ደርቆ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲፈራ ነው የሚቆጣው።

በመጨረሻ ተስማማን። ሌላ አንድ ጊዜ ከጠፋ በሩ ይቆለፋል። እኔም አፌን እዘጋለሁ።

እስከዚያ ማልዶ ሲሄድ እኔ አሳፍረዋለሁ። ሲመለስስ? ሲመለስ ሥራ ላይ ነኝ። ጓደኞቹን ለመንኳቸው፤ ለጊዜው ተራ ገብተው አብረውት ሊመጡ ነው። የእነሱ ዓይንና ጉልበትም እንግዲህ…

ጥር 19
አክስቴ መጣች፣ የአባዬ ታናሽ። ዕድሜዋን ሙሉ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስትለይ የኖረች ናት። አባዬ ስለጠፋበት መንገድ ስነግራት ሳቋን ለቀቀችው።

«ያ ጎዳና እኮ ስም ሲለዋውጥ ነው የኖረው! መጀመሪያ የአገረ ገዥው ጎዳና ነበር። አገረ ገዥው ሲሻሩ የድል ጎዳና ተባለ። የማን ድል እንደሆነ የጠየቀ የለም። ከዚያ ኅብረት ጎዳና። አሁን ደግሞ… ምን ነበር የሚሉት?»

«ብሩህ ዘመን ጎዳና።»

«እሱን! እኛ ጋ በሁሉም ስም ደብዳቤ ይመጣ ነበር። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ዛፎቹ ብሎ ብቻ ይጽፋል። ቶሎ የሚደርሰው የእሱ ነበር።»

ዛፎቹ። ከተማው በሙሉ የሚለው ይሄንኑ ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን መንገድ። አንድ ዛፍ ግን የለም። መንገዱ ሲሰፋ ተቆርጠው አልቀዋል፣ እኔ ገና ፊደል ስቆጥር። አሁን ያለው ባንኩ በር ላይ የቆመ አንድ ተክል ብቻ ነው፤ እሱም ፕላስቲክ ነው።

አባዬ ይሰማን ነበር። ከዚያ በድንገት «እዚያ ፌርማታ አልነበረም» አለ። «እናትሽ ግን ነበረች።»

እማዬ ልብስ ሰፊ ነበረች። የምትሠራበት ቤት ከዛፎቹ ማዶ ነው። አውቶቡሱ ግን አልፎ ሄዶ ራቅ ብሎ ነበር የሚያወርዳት። በየቀኑ ወርዳ ወደ ኋላ ስትመለስ አባዬ እየነዳ በመስታወት ያያታል። ታዲያ አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል…

«ዛፎቹ ሥር ቆምኩላት። ቅርንጫፉ ጣሪያዬን ቧጠጠው። አለቃዬ ቀጣኝ።»

«ከዚያስ?»

«በማግሥቱም ቆምኩ። ሌላውም ሰው እኔንም ዛፎቹ ጋ፣ እኔንም ዛፎቹ ጋ አለ። ኋላ መሥሪያ ቤቱ ራሱ የፌርማታ ብረት ተከለ።»

«ውሸቱን ነው!» አለች አክስቴ። «ፌርማታው የእሱ ይሁን፣ እሺ። ዛፎቹ መባሉ ግን ከእሱ በፊትም ነበረ። ለአንዲት ልጅ ብሎ ከተማ ሲሰይም!»

አባዬ ፈገግ አለ። ትናንት ምሳ ምን እንደበላ አያውቅም። ቅርንጫፉ ጣሪያውን የቧጠጠበትን ድምፅ ግን በአፉ አሰማን… ክርርር።

ጥር 27
ጉድ ነው! የከተማው አውቶቡስ ድርጅት ደውሎ ጠራኝ። ሰው የሚወርድበት እየጠፋው አቤቱታ በዝቶባቸዋል። ስለዚህ አውቶቡሶቹ ውስጥ ድምፅ ሊገባ ነው… «ቀጣዩ ፌርማታ እንዲህ ነው» የሚል። ድምፁን እኔ እንድሰጥ ፈለጉ። ኃላፊው ጠና ያለ፣ ክራቫቱን የሚያጠብቅ ሰው ነው።

«የእርስዎን ድምፅ ከተማው በሙሉ ያውቀዋል» አለኝ።

«ከምን እንደሚያውቀው ያውቃሉ?» አልኩት። ትንሽ አሰበና ሳቀ።

እሺ አልኩ። ሳስበው የነበረው ስለ አንድ ተሳፋሪ ብቻ ነው። ግን ስሞቹን ሲሰጡኝ መጀመሪያ የራሳችንን ፈለግሁ። የእኛ ፌርማታ «ብሩህ ዘመን ጎዳና» ይላል። አባዬ ይሄንን መቼ ያውቀዋል?

የካቲት 2
ቀረጻው አለቀ። ቀራጩ ረጅም ቀጭን ልጅ ነው፣ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ጆሮ» ነው የሚሉት። ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። «እዚህ ጋ ምራቅሽን ዋጥሽ፣ ድገሚ።» «እዚህ ጋ ሰው የሞተ አስመሰልሽው፣ ደስ ይበልሽ።» ደስ አለኝ፣ ደገምኩ። መጨረሻ ላይ ኃላፊው እና ሌሎቹ አለቆች ጠረጴዛ ከበው ከመጀመሪያው ፌርማታ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ አጨበጨበ።

ደክሞኛል። ለአባዬ ገና አልነገርኩትም።

የካቲት 9
ዛሬ ድምፄ መንገድ ወጣ። ከሥራ ስመለስ ተሳፈርኩ… እንዴት እንዳፈርኩ! ገና «ውድ ተሳፋሪዎች» ስል አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ደረቷን ያዘች። «ውይ፣ ማን ሞተ?» አለች። አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። አንገቴን ቀበርኩ።

ስልክ እየጎረጎርኩ ነበር፤ የእኛን ፌርማታ ልብ ብዬ አልሰማሁም። ወረድኩ፣ ቤት ገባሁ። አባዬ ቀድሞኝ ደርሷል። ብቻውን! የዛሬው ባለተራ ጉልበቱን አሞት ቀርቶ ኖሯል። ሳላውቅ ቀርቼ እንጂ በቁሜ አልቅ ነበር።

«ማን አመጣህ አባዬ?»

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ?»

«ደወሌ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሆነሽ ጠራሽኝ አይደል? ዛፎቹ አልሽኝ። ወረድኩ።»

ደወሌ ነው የሚለኝ፣ ልጅ ሆኜ ጩኸቴ የአውቶቡስ ደወል ያህል ስለነበር። ግን… ዛፎቹ? እኔ? ለጆሮ ደወልኩለት።

«የእኛን ፌርማታ ምን ብዬ ነው ያነበብኩት?»

«ዛፎቹ። ለምን? ተበላሽቷል?»

«ወረቀቱ ላይ ምን ይላል?»

ወረቀት ሲያገላብጥ ሰማሁ። «በስመ አብ…» አለ ጆሮ።

ዓይኔ ብሩህ ዘመን ሲያይ አፌ ዛፎቹ ብሏል! ምራቅ ስውጥ የሚሰማ ሰው ይሄን አልሰማም። ጠረጴዛ የከበቡት አለቆችም አልሰሙም። ለሁላችንም ትክክል ነበራ።

የካቲት 10
ልናገር? ወይስ ጭጭ ልበል? ጆሮ «እኔ አልሰማሁም፣ አንቺም አላልሽም» ብሎኛል።

ጭጭ።

የካቲት 24
አባዬ በየቀኑ ብቻውን ይሄዳል፣ ብቻውን ይመጣል። ጓደኞቹን ከተራ አሳረፍኳቸው። ወንድሜ ቅዳሜ መጥቶ በሩን አየና ወጣ። ቁልፉ ግን ኪሱ ውስጥ ነው… ሲንቀጫቀጭ ሰማሁት።

ባለሱቁ ሰላምታ ሰጠኝ፣ ሳይደነግጥ። «ድምፅሽ ትናንት ቤቴ አደረሰኝ» አለ። ይሄን ሰው መሳም አማረኝ።

መጋቢት 3
ተነቃ።

ኃላፊው አስጠራኝ። ጆሮም ተጠርቷል። ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ መሐንዲስ አብሯቸው ተቀምጧል፣ የአውቶቡሶቹን ሥራ ሊያይ የመጣ ነው። ከሁላችን መካከል የሰማው እሱ ብቻ ነው። የእኛ ሰው ስላልሆነ ሰማው!

«ሆን ብለው ነው?» አለኝ ኃላፊው።

«አይደለም። ከአፌ አመለጠኝ።»

«እና ይሄ ሁሉ ሰው ሲሰማ…»

«እርስዎም አዳምጠው ራስዎን ነቅንቀዋል» አለ ጆሮ ቀስ ብሎ። እግሩን ረገጥኩት። ኃላፊው ክራቫቱን አጠበቀ። «እኔማ… ትክክል መሰለኝ» አለ።

ልስቅ ስል መሐንዲሱን አየሁት። እሱ አልሳቀም። ትልቅ ሰው ነው፣ ፀጉሩ ሸብቷል። ብሩህ ዘመን ጎዳና ውረድ ተብሎ፣ ስሙ ሳይጠራ አልፎ ሄዶ፣ የማያውቀው ሰፈር ውስጥ ሲንከራተት ውሎ ነው የመጣው። «ሰሌዳው ሌላ፣ ድምፁ ሌላ። እንግዳ ሰው ምን ያድርግ?» አለ። ቁጣ የለውም፣ ድካም ብቻ። ጫማው አቧራ ለብሷል።

ሳቄ ጠፋ። የእኔን አባት ቤት ሳደርስ የሰው አባት አጥፍቻለሁ ማለት ነው።

«ሁለቱንም ልበል?» ብዬ ለመንኩ። «ብሩህ ዘመን፣ ዛፎቹ… አይቻልም?» ስለ አባዬም ነገርኩት። ኃላፊው ዓይኑ ራራ፤ ቃሉ ግን አልራራም። አንድ ጎዳና አንድ ስም ነው፣ በድጋሚ ይቀረጽ አለ። ስንወጣ ለሹፌሩ ሲደውል ሰማነው፦ «ዛፎቹ ጋ ጠብቀኝ።»

ጆሮ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። እኔ አልቻልኩም።

መጋቢት 5
አባዬን ላስተምረው ሞከርኩ።

«ብሩህ ዘመን በል።»

«ብሩህ ዘመን።»

«እሱን ስትሰማ ትወርዳለህ።»

«የት?»

«ቤታችን ነዋ፣ ዛፎቹ ጋ።»

«እሱንማ አውቀዋለሁ!» ተቆጣኝ። ሻይ አፍልቼ ስመለስ «ብሩህ ማነው? ዘመድ ነው?» አለኝ። ዘመዳችን ነው አልኩት… ምን ልበለው?

መጋቢት 7
አዲሱን ቀዳሁ። «ብሩህ ዘመን ጎዳና።» ከአፌ አልወጣ ብሎ ስንት ጊዜ ደጋገምኩት። ጆሮ አንዴም «ደስ ይበልሽ» አላለኝም።

ለወንድሜ ነገርኩት። ከሰኞ ጀምሮ አውቶቡሱ አባዬን አይጠራውም አልኩት። ይጮኻል ብዬ ነበር። አልጮኸም። «አብረን እንሳፈር፣ ከኋላው ሆነን እንየው» አለ። «ከተነሳ ተነሳ። ካልተነሳ…» ኪሱን ነካ።

መጋቢት 11
እጄ ቢዝልም ዛሬን ሳልጽፍ አላድርም።

እኔም ወንድሜም ፈቃድ ወስደን ሻይ ቤቱ ማዶ ጠበቅን። አባዬ ወጣ፣ ጓደኞቹን ተሰናበተ፣ ተሳፈረ። እኛ በኋላው በር ገባን። ከፊት መስኮት አጠገብ ተቀመጠ፣ እጆቹ ጉልበቱ ላይ። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ድምፄ ፌርማታ በፌርማታ ይጠራል… ራሴን ጠላሁት።

የሻማ ፋብሪካው አለፈ። የባንኩ ሕንፃ ታየ። ከዚያ መጣ። «ቀጣዩ ፌርማታ፣ ብሩህ ዘመን ጎዳና።» በጥሩ አነጋገር፣ ደስ ብሎኝ!

አባዬ አልተነሳም።

ልጮኽ አፌን ከፈትኩ። ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ። «ቆይ» አለ። አውቶቡሱ ፍጥነቱን ቀነሰ። የአባዬን ማጅራት ነበር የማየው፣ ትናንት እኔ የቆረጥኩትን ፀጉሩን። ተነስ አባዬ። በእናቴ ነፍስ ተነስ!

አንዲት የዳቦ ቅርጫት የያዘች ሴት ጮክ ብላ «እንዴ! ዛሬ ምን ሆነች?» አለች።

«ማን?»

«ሴትየዋ ናታ! ዛፎቹን ምን አለችው?»

«ብሩህ ነገር አለች።»

«ዛፎቹ ማለቷ ነው!» አለ አንድ ጎረምሳ ከኋላ። ሰው ሳቀ። ከወዲያም ከወዲህም «ዛፎቹ! ዛፎቹ ጋ ወራጅ አለ!» ተባለ። ሹፌሩ ራሱ ዞር ብሎ «ዛፎቹ ነው፣ ውረዱ!» ብሎ ጮኸ። ምኑን አውቀው? ማንም አባዬን አያውቀውም። ዝም ብሎ አመላቸው ነው።

አባዬ ተነሳ። ኮቱን አስተካከለ። በሩ ጋ ሲደርስ ወደ ሰዉ ዞረ፣ ባርኔጣውን አውልቆ።

«ልጄ ናት የምትናገረው» አለ። «ዛሬ ተሳስታ ነው። ይቅርታ አድርጉላት።»

«ይቅር ብለናል አባቴ!» አለች ባለዳቦዋ።

ወረደ። እኛም ወረድን። ወንድሜ የፌርማታውን ብረት ተደግፎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልጠየቅሁትም፣ የእኔም አይለይም ነበር። አባዬ ከፊት ከፊታችን፣ ሳያየን፣ ኮቱን ደርቦ ወደ ቤቱ ሄደ። መታጠፊያውን አልሳተውም።

ሚያዝያ 8
ቁልፉ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ገባ። ወንድሜ ራሱ ነው ያስቀመጠው። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ፋርማሲውን ለረዳቱ ትቶ ከአባዬ ጋር ሻይ ቤት ይሄዳል። ስለ ማርሽ ማውራት ጀምሯል፣ እግዜር ይሁነን።

ለመሐንዲሱ ድምፄ ይበቃዋል። ሰሌዳውም ድምፁም አንድ ሆኖለታል። የከተማው ሰው ደግሞ እኔ «ብሩህ ዘመን ጎዳና» ብዬ ሳልጨርስ በአንድ አፍ «ዛፎቹ!» ይላል። ጨዋታ አድርገውታል። ሹፌሮቹ ሳይሰሙ በር አይከፍቱም አሉ። ትናንት እኔም አብሬ ጮህኩ… በራሴ ላይ!

ዛሬ ከሥራ ስመለስ አባዬን እዚያው አውቶቡስ ውስጥ አገኘሁት። አላየኝም። አጠገቡ ለተቀመጠች ልጅ እግር ስለ እኔ ይነግራታል፣ ጣቱን ወደ ድምፅ ማውጫው ቀስሮ።

«ትሰሚያታለሽ? የእኔ ልጅ ናት። ጎበዝ ናት፣ ሁሉንም ታውቃለች። አንዷን ብቻ ነው የምትስተው።»